የጭስ ማውጫን ማሚቶ የቃኘው መሐንዲስ፦ ዋልተር ካደን

አሮጌ የእሽቅድምድም ሞተር ብስክሌት በሙዚየምም ሆነ በሰብሳቢዎች ግቢ ቆሞ ያየ ሰው፣ ከጎማውና ከነዳጅ ጋኑ ይልቅ ዐይኑን የሚይዘው የጭስ ማውጫው ቅርጽ ነው። ከሞተሩ ሲወጣ ቀጭን ነው፤ ቀስ በቀስ እየሰፋ ሄዶ እንደ ሆድ ይነፋል፤ ከዚያ መልሶ ይጠብና በጣት በምታህል ቱቦ ያልቃል። ለማያውቅ ሰው ጌጥ ይመስላል። ይሁን እንጂ ባለሁለት ምት የሚባለውን ትንሽና ርካሽ ሞተር ከተላላኪ ብስክሌት አንሥቶ ለሩብ ምዕተ ዓመት የዓለም ሻምፒዮና ጌታ ያደረገው ይህ በላሜራ የተጠቀለለ ባዶ ቱቦ ነው። ቱቦው ለምን እንዲህ እንደሚሠራ በመሣሪያ ለክቶ፣ አስልቶና ደጋግሞ ፈትኖ ያሳየው ደግሞ የቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን መሐንዲስ ዋልተር ካደን ነበር። የእጁን ፍሬ ሌሎች ወስደው በለጸጉበት፤ እርሱ ግን በተወለደበት ሸለቆ ሥራውን ሲሠራ ኖረ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ካደን የተወለደው በመስከረም 1919 በሳክሶኒ ግዛት፣ በማዕድን ተራሮች ላይ በምትገኘው ፖበርሻው በተባለች መንደር ነው። ከመንደሯ ብዙም በማይርቀው የቾፓው ከተማ ዴንማርካዊው ዮርገን ስካፍተ ራስሙሰን ያቋቋመው የዲኬደብሊው ፋብሪካ ነበር። ይህ ፋብሪካ በ1920ዎቹ መጨረሻ በዓለም ትልቁ የሞተር ብስክሌት አምራች ለመሆን በቅቶ ነበር፤ የሚያመርታቸው ብስክሌቶችም በባለሁለት ምት ሞተር የሚነዱ ነበሩ። የካደን አባት በዚያው ፋብሪካ የሽያጭ ኃላፊው ሾፌር ነበር። ስለዚህ ልጁ ያደገው የቤንዚንና የዘይት ሽታ በሞላበት ቤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1927 የኑርበርግሪንግ የእሽቅድምድም ጎዳና ሲመረቅ ከተመልካቾቹ አንዱ ነበር። ያን ዕለት ያየው ነገር ከልቡ አልወጣም፤ ካደገም በኋላ በኬምኒትዝ ከተማ የቴክኒክ ትምህርቱን ተከታተለ።

በ1940 በርሊን አጠገብ በሾነፌልድ በሚገኘው የሄንሽል አውሮፕላን ፋብሪካ ተቀጠረ። እዚያም በኸርበርት ቫግነር ሥር፣ ኤች ኤስ 293 በተባለው በሬዲዮ የሚመራና በሮኬት የሚገፋ ቦምብ ሥራ ላይ ተሰማራ። ስለ ካደን በሚጻፉ ጽሑፎች ዘንድ፣ ቪ 1 በተባለው በራሪ ቦምብ ላይ ከቬርነር ፎን ብራውን ጋር እንደሠራና የጭስ ማውጫውንም ምሥጢር ከዚያ እንዳመጣው ደጋግሞ ይነገራል። ታሪኩ ያምራል፤ እውነት ግን አይደለም። በነሐሴ 1943 የብሪታንያ አየር ኃይል የሮኬት ምርምር የሚካሄድበትን ፔነሙንደን ከደበደበ በኋላ ሥራው በሃርዝ ተራሮች ሥር ወደሚገኘው ሚተልቨርክ የምድር ውስጥ ፋብሪካ ተዛወረ። በዚያ ዋሻ የማጎሪያ ካምፕ እስረኞች በግዳጅ ይሠሩ ነበር፤ በሺዎች የሚቆጠሩትም በረኃብ፣ በድካምና በጭካኔ አልቀዋል። የስፖርት ጸሐፊዎች ይህን የሕይወቱን ምዕራፍ በአንድ መሥመር ማለፍ ይቀናቸዋል። የወጣቱ መሐንዲስ ሙያ የተቀረጸው ግን በዚሁ የጦርነት ሥራ ውስጥ ስለሆነ፣ ሳይጠሩት ማለፍ ተገቢ አይደለም።

ጦርነቱ ሲያበቃ አሜሪካውያን ያዙት። ከተለቀቀ በኋላ ብዙዎቹ የሮኬት ባለሙያዎች ወደ አሜሪካ ወይም ወደ ሶቪየት ኅብረት ሲሄዱ፣ እርሱ ወደ ቾፓው ተመለሰ። የጠበቀው ከተማ ግን የሚያውቀው አልነበረም። ሶቪየቶች የዲኬደብሊውን ማሽኖች ነቅለው ለጦር ካሳ ወስደዋቸው ነበር። በቦምብ የፈረሰውን ቤት ሁሉ ጣሪያ ማልበስ የዘመኑ አንገብጋቢ ሥራ ነበርና ካደን የእንጨት ሥራ ከፈተ፤ የጣሪያ ማገርና ወጋግራ እየሠራ መተዳደር ጀመረ። ቀን እንጨት ይጠርባል፤ በትርፍ ጊዜው ደግሞ አንዲት አሮጌ ዲኬደብሊው ፈታትቶ እንደገና ይገጣጥማል። ያችን ብስክሌት ለእሽቅድምድም አዘጋጅቶ በአካባቢው ውድድሮች ራሱ ይነዳት ነበር።

ብስክሌቷ አርቲ 125 ትባላለች። በ1939 የወጣች፣ ቀላል፣ ጥቂት ክፍሎች ያሏትና የትም ልትጠገን የምትችል ነበረች፤ ጉልበቷም ወደ 5 የፈረስ ጉልበት የሚጠጋ ብቻ ነበር። ጀርመን ስትሸነፍ ንድፏ ባለቤት አልባ ሆነ። ሶቪየቶች ሞስክቫ ብለው፣ እንግሊዞች ቢኤስኤ ባንታም ብለው አመረቷት፤ አሜሪካዊው ሃርሊ ዴቪድሰንም የራሱን 125 ሲሲ ከእርሷ ቀዳ። በ1955 ጃፓን ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ ይሠራ የነበረ አንድ ኩባንያ ሞተር ብስክሌት ለመሥራት ሲነሣ የመጀመሪያ ምርቱን በዚችው በአርቲ 125 አምሳል ሠራ፤ ኩባንያው ያማሃ ነው። እንግዲህ የቾፓው ሥራ ወደ ጃፓን የሄደው አንድ ጊዜ ብቻ አልነበረም። ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛው ወደ ኋላ ይመጣል።

የካደንን ሥራ ለመረዳት የዚህን ሞተር ጠባይ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ባለአራት ምት ሞተር አየርና ቤንዚኑን አስገብቶ፣ አምቆ፣ አቃጥሎ ጭሱን ለማስወጣት ፒስተኑ አራት ጊዜ መመላለስ አለበት፤ በሮቹንም ቫልቮች በየተራ ይከፍቱለታል፤ ይዘጉለታል። ባለሁለት ምት ግን ቫልቭ የለውም። በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የተበሱትን መስኮቶች ፒስተኑ ራሱ ሲወጣና ሲወርድ ይከፍታቸዋል፤ ይዘጋቸዋል። አዲሱ ድብልቅ ከፒስተኑ በታች ባለው የሞተሩ ሆድ ገብቶ ይታመቃል፤ ፒስተኑ ሲወርድ በጎን መተላለፊያዎች ሽቅብ ይሮጣል። በዚህ ዓይነት ዘንጉ በዞረ ቁጥር አንድ ፍንዳታ ይገኛል። በሐሳብ ደረጃ ከባለአራት ምቱ እጥፍ ኃይል መስጠት ነበረበት፤ በተግባር ግን አይሰጥም። ምክንያቱም አዲሱ ድብልቅ በሚገባበት ቅጽበት የጭሱ መስኮትም ክፍት ነው። ከቤንዚኑ ከፊሉ ሳይቃጠል ከጭሱ ጋር ተከትሎ ይወጣል፤ ከጭሱም ከፊሉ ውስጥ ይቀራል። እንግዳና ተሰናባች በአንድ በር ሲጋፉ እንደማለት ነው።

ከጦርነቱ በፊት ዲኬደብሊው ይህን ችግር ያለፈው በጉልበት ነበር፤ አየሩን በግፊት የሚሞላ ሱፐርቻርጀር ገጠመለት። በ1938 ኤቫልድ ክሉገ በማን ደሴት ውድድር ያሸነፈው በዚህ ዓይነት ብስክሌት ነው። በ1946 ግን ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ሱፐርቻርጀርን ከለከለ። ባለሁለት ምት ሞተርም ትንፋሹ ጠፋ። የጣሊያን ባለአራት ምቶች፣ እነ ሞንዲያልና ኤምቪ አጉስታ፣ በ125 ሲሲ ውድድር ብቻቸውን ይነግሡ ጀመር። ባለሁለት ምት ለዳቦ አመላላሽ እንጂ ለእሽቅድምድም አይሆንም የሚለው አስተያየት በመሐንዲሶች ዘንድ የጸና ነበር።

የቾፓው ፋብሪካ በዚያ ጊዜ ኢፋ በተባለው የምሥራቅ ጀርመን የተሽከርካሪ አምራቾች ማኅበር ሥር ተጠቃሎ ነበር። ስሙ ለብዙ ኢትዮጵያውያን አንባቢዎቻችን እንግዳ አይደለም፤ በደርግ ዘመን በየጦር ሰፈሩና በየጎዳናው ይታዩ የነበሩት የኢፋ የጭነት መኪኖች የዚሁ ማኅበር ምርቶች ነበሩ። በ1953 ፋብሪካው የእሽቅድምድም ክፍሉን ለካደን ሰጠው። በ1956 የሞተር ብስክሌቱ ስም ተለውጦ ኤምዜድ ሆነ።

ካደን የተረከበው ክፍል ገንዘብም ሰውም ያጠረው ነበር። ለዚህም ሳይሆን አይቀርም ሁሉን ነገር ከራሱ ሐሳብ ለማፍለቅ ያልሞከረው፤ ሌላው የደረሰበትን አይቶ መውሰድንም አላፈረበትም። ዳንኤል ሲመርማን የተባለ የዚያው አገር ሰው ከዲኬደብሊው በተሠራ የግሉ ብስክሌት ላይ በካርቡሬተሩና በሞተሩ ሆድ መካከል ከዘንጉ ጋር የሚዞር ስስ የብረት ዝርግ ገጥሞ ነበር። ዝርጉ ከጠርዙ በከፊል ተቆርጧል፤ የተቆረጠው ሲያልፍ መግቢያው ይከፈታል፤ ያልተቆረጠው ሲደርስ ይዘጋል። በቀድሞው አሠራር መግቢያውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ፒስተኑ ስለሆነ፣ ቀድሞ የተከፈተ በር ያንኑ ያህል ዘግይቶ ይዘጋል፤ የገባውም ድብልቅ በካርቡሬተሩ በኩል መልሶ ይተፋል። ዝርጉ ይህን እስራት ፈታው፤ መሐንዲሱ ሲሻው ይከፍታል፤ ሲሻው ይዘጋል። ካደን የሲመርማንን ዘዴ ወስዶ አሻሻለው።

ዋናው ሥራ ግን በሌላው ጫፍ፣ መካኒኮች ማርሚታ በሚሉት የጭስ ማውጫ ላይ ነበር። እዚህም ላይ የመጀመሪያው ሰው እርሱ አይደለም። በምዕራብ ጀርመን እንደገና በተቋቋመው ዲኬደብሊው ይሠራ የነበረው ኤሪክ ቮልፍ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሆድ ያለው ማውጫ በእሽቅድምድም ብስክሌቶቹ ላይ ገጥሞ ነበር። ካደን ያንን አይቶ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ በቱቦው ውስጥ የሚሆነው ምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ኦሲሎስኮፕ የተባለውን፣ የግፊትን መውጣትና መውረድ በመስታወት ላይ እንደ ሞገድ የሚያሳይ መሣሪያ ተጠቀመ።

ያየው ነገር ባጭሩ ይህ ነው። የጭሱ መስኮት ሲከፈት ከጭሱ ቀድሞ የሚሮጥ የግፊት ሞገድ በቱቦው ይነጉዳል፤ በጆሯችን የምንሰማው ድምፅ ይኸው ሞገድ ነው። ሞገዱ ቱቦው እየሰፋ ከሚሄድበት ቦታ ሲደርስ ከፊሉ ተገልብጦ እንደ መምጠጥ ሆኖ ይመለሳል፤ የቀረውን ጭስ ከሲሊንደሩ ይስባል፤ አዲሱንም ድብልቅ ከሞተሩ ሆድ ሽቅብ ይጎትታል። አብዝቶ ስለሚጎትት ከአዲሱ ድብልቅ ጥቂቱ ከሲሊንደሩ አልፎ ወደ ቱቦው ይፈስሳል። የቀረው ሞገድ ግን ጉዞውን ቀጥሎ ቱቦው መልሶ ከሚጠብበት ቦታ ይደርሳል፤ ከዚያ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል፤ ይህን ጊዜ ግን ይገፋል እንጂ አይስብም። ሊያመልጥ የነበረውን ቤንዚን ፊት ለፊት አግኝቶ ወደ ሲሊንደሩ ይመልሰዋል፤ ወዲያው ፒስተኑ መስኮቱን ይዘጋበታል። የተከለከለው ሱፐርቻርጀር በዚህ መንገድ ተመልሶ መጣ፤ አንድም የሚንቀሳቀስ ክፍል ስለሌለው ግን ሕግ አልጣሰም።

ችግሩ ጊዜው ነው። ሞተሩ በደቂቃ 10,800 ዙር ሲዞር በሰከንድ 180 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው፤ የጭሱ መስኮት በእያንዳንዱ ዙር ክፍት ሆኖ የሚቆየውም ከሰከንድ ሺህ እጅ ሦስቱን ያህል ብቻ ነው። ማሚቶው ቢቀድም ወይም ቢዘገይ፣ ሊረዳ የመጣው ግፊት እንቅፋት ይሆናል። የቱቦው ርዝመት በጥቂት ሳንቲ ሜትር ሲቀየር ኃይሉ የሚገኝበት የዙር መጠን ይቀየራል። ዋሽንት የሚሠራ ሰው ቀዳዳውን ከየት እንደሚበሳ ሲጨነቅ እንደሚኖረው ሁሉ፣ ይህም ሥራ ከጥገና ይልቅ ለቅኝት ይቀርባል። ካደንና ጥቂት ባልደረቦቹ ላሜራ እየቆረጡ፣ እየጠቀለሉና እየበየዱ በርካታ ቱቦ ሠሩ፤ እያንዳንዱን በመለኪያው ላይ ሞክረው ውጤቱን መዘገቡ። ረጅም ቱቦ ከዝቅተኛው ዙር ጀምሮ ያግዛል፤ አጭሩ ኃይሉን ወደ ላይ ይሰቅለዋል። ሾጣጣው ጫፍ በጣም ሲጠብ ግፊቱ ይበረታል፤ ግን ሙቀቱ ፒስተኑን ያቀልጠዋል። ዛሬ አሮጌ ባለሁለት ምት ብስክሌት አድሶ የሚያስተካክል ሰው የሚመላለስባቸው ጥያቄዎች እነዚሁ ናቸው።

ሌላው መድኃኒት ከሕመም የተገኘ ነው። ኃይሉ ሲጨምር የፒስተኑ አናት ይግል፣ ፒስተኑን ከማገናኛው ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ትንሹ ኩሽኔታም በሙቀትና በዘይት እጥረት ይሰባበር ነበር። እዚህ ላይ በባለሁለት ምት ሞተር ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ እንደሚመጣ ልብ ይሏል። ካደን በሲሊንደሩ ጀርባ፣ ከጭሱ መስኮት ትይዩ፣ ሦስተኛ መተላለፊያ ከፈተ፤ ፒስተኑንም ጎኑ ላይ በሳው። ቀዝቃዛው ድብልቅ በፒስተኑ ሆድ ሥር አልፎ እንዲወጣ ሲደረግ አናቱን አቀዘቀዘ፤ ኩሽኔታውን በዘይቱ አራሰ። በዚያውም ላይ ተጨማሪ ድብልቅ ስላስገባ ኃይል ጨመረ። ጉዳትን ለመከላከል የተበጀ ቀዳዳ ጉልበት ሆኖ ተገኘ፤ ከካደን ሥራዎች ሁሉ ለዚህ ጸሐፊ እጅግ የሚያስደንቀው ይኸኛው ነው።

ውጤቱ በቁጥር ሲታይ በ1954 የ125 ሲሲው ሞተር 13 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። በ1961 ወደ 25 ደረሰ። ይህም በአንድ ሊትር ሲሰላ 200 የፈረስ ጉልበት ማለት ነው፤ አየር በግፊት ሳይሞላለት ከዚህ መጠን የደረሰ ሞተር ከዚያ በፊት አልነበረም። ሁሉም የተገኘው ከጦርነቱ በፊት ለድሃ ገዢ ተብሎ ከተነደፈው ሞተር ዘር ነው።

በ1958 ሆርስት ፉግነር በስዊድን ግራንድ ፕሪ በ250 ሲሲ ለኤምዜድ የመጀመሪያውን ድል አስገኘ። በተከታዩ ዓመት በያኔዋ ሮዴዥያ፣ በዛሬዋ ዚምባብዌ ያደገው ጋሪ ሆኪንግ በስዊድንና በአልስተር አሸነፈ፤ ኤርነስት ዴግነር ደግሞ ጣሊያኖቹን በገዛ ሜዳቸው በሞንዛ በ125 ሲሲ ረታቸው። ድሉ ግን ሁልጊዜ በስጋት የታጀበ ነበር። ባለሁለት ምት ሞተር ሲግል ፒስተኑ ሳይታሰብ ከሲሊንደሩ ጋር ይነክሳል፤ የኋላ ጎማው ድንገት ይቆማል፤ ነጂውም ይወረወራል። ስለዚህ ነጂዎቹ ጣታቸውን ከፍሪሲዮኑ እጀታ ሳያነሡ ይነዱ ነበር። ጥሩ ብረት፣ ጥሩ ካንዴላና ጥሩ ሰንሰለት ከምዕራብ አገር በውጭ ምንዛሪ መገዛት ነበረበት፤ ምንዛሪውም አልነበረም። ሆንዳ በዘመናዊ ፋብሪካና በብዙ መሐንዲሶች ሲመጣ፣ ካደን የሚመክተው ከትንሽ አውደ ጥናት ነበር።

ዴግነር ነጂ ብቻ ሳይሆን መሐንዲስም ነበር። በ1956 ወደ ኤምዜድ ገብቶ ከካደን ጋር በአንድ ጠረጴዛ የሠራ፣ የሞተሩን እያንዳንዱን ምሥጢር የሚያውቅ ሰው ነው። በ1961 በሆከንሃይም፣ በሳክሰንሪንግና በሞንዛ አሸንፎ የ125 ሲሲው የዓለም ዋንጫ በእጁ ሊገባ ተቃርቦ ነበር። ለምሥራቅ ጀርመን መንግሥትም ለካደንም ይህ ከዋንጫ በላይ ነበር፤ ባለሁለት ምት ሞተር የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ አያውቅምና።

በዚያው ዓመት ግን ሌላ ነገር በድብቅ ተጠንስሶ ነበር። ጃፓናዊው ሱዙኪ በማን ደሴት ውድድር ተሳትፎ ውጤቱ እጅግ ደካማ ሆኖበት ነበር፤ የሱዙኪና የኤምዜድ ሰዎችም በዳግላስ ከተማ በአንድ ሆቴል ነበር ያረፉት። ዴግነርና የሱዙኪ ኃላፊዎች በምሥጢር ተነጋገሩ። በነሐሴ የበርሊን ግንብ ተሠራ፤ ድንበሩም ተዘጋ። በመስከረም 17 ቀን በስዊድን ክሪስቲያንስታድ በተካሄደው ውድድር የዴግነር ሞተር ከመንገድ ተበላሽቶ ቆመ። ነጂው ወደ ቡድኑ ካምፕ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም፤ በዴንማርክ በኩል ወደ ምዕራብ ጀርመን ኮበለለ። ሚስቱና ልጆቹ ደግሞ በዚያው ሰሞን በመኪና የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ተደብቀው ድንበር ተሻገሩ፤ ሕፃናቱ ድምፅ እንዳያሰሙ የእንቅልፍ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ነበር።

የዓለም ዋንጫው በአርጀንቲና በተካሄደው የመጨረሻ ውድድር ለሆንዳው ነጂ ለቶም ፊሊስ ሆነ። ዴግነር በዓመቱ መጨረሻ ጃፓን፣ ሃማማትሱ ከተማ ገባ፤ በቾፓው የተማረውን ሁሉ ለሱዙኪ መሐንዲሶች አሳያቸው። በ1962 በሱዙኪ 50 ሲሲ ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ባለሁለት ምት ሞተር የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ አገኘ፤ በታንኩ ላይ የተጻፈው ስም ግን የኤምዜድ አልነበረም። የቾፓው ሥራ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ጃፓን የተሻገረው በዚህ ሁኔታ ነው። የመጀመሪያው በጦርነት ሽንፈት ሲሆን ሁለተኛው በአንድ ሰው አእምሮ ተጭኖ ነበር።

ዴግነርን ከሃዲ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። በአንጻሩም ቤተሰቡን ከተዘጋ አገር ያወጣ አባት እንደሆነ መዘንጋት አይገባም፤ ለነጻነት የኮበለለ ሁሉ የሚወቀስ ከሆነ የዘመኑ ግማሽ ሰው ይወቀሳል። ሆኖም የወሰደው ነገር የብዙ ሰዎች የዓመታት ድካም ነበር፤ ዋጋውን የከፈሉትም በኋላ የቀሩት ናቸው። ለእርሱም ቢሆን ጃፓን የጠበቀችው ሁሉ ደስታ አልነበረም። በ1963 በሱዙካ ወድቆ በእሳት ክፉኛ ተቃጠለ፤ ብዙ ቀዶ ሕክምናም ተደረገለት። በሱዙካ ጎዳና ላይ ያለ አንድ ኩርባ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በ1983 በ51 ዓመቱ በቴኔሪፌ ደሴት ሞተ።

ቾፓው ውስጥ የቀረው ካደን በበኩሉ በመንግሥት የደኅንነት ሠራተኞች ዐይን ሥር ወደቀ። ከዴግነር ጋር የሠራ ሁሉ ተጠርጣሪ ነበር። ከግንቡ በኋላ የኔቶ አባል አገሮች ለምሥራቅ ጀርመናውያን ቪዛ ስለሚከለክሉ ቡድኑ ከብዙ ውድድር ቀረ። ካደን ከዚያ በፊትም በኋላም ከቡድኑ ጋር ወደ ምዕራብ አገሮች ወጥቷል፤ በወጣ ቁጥርም ወደ ቾፓው ተመልሷል። ለምን እንደተመለሰ በርካታ መላ ምት ቢሰነዘርም መመለሱ ብቻውን ብዙ ይናገራል።

የአገሩ ነጂዎች ሲጠፉ የውጭ ሰዎችን በጊዜያዊነት ማስነዳት ግድ ሆነ። በ1963 በምሥራቅ ጀርመን ግራንድ ፕሪ ላይ እንግሊዛዊው ማይክ ሄይልዉድ በኤምዜድ 250 ሲሲ ተቀምጦ የሆንዳን ቡድን አሸነፈ። የሳክሰንሪንግ ጎዳና በሰው ተጥለቅልቆ ነበር፤ ያ ሁሉ ሕዝብ የገዛ አገሩን ብስክሌት ከፊት ሲያይ የተሰማው ደስታ ለዓመታት ሲወራ ኖሯል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላው እንግሊዛዊ አለን ሼፐርድ በአሜሪካ በዴይቶና አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ድሉ እየሳሳ ሄደ። ያማሃና ሱዙኪ በካደን መንገድ ተጉዘው፣ እርሱ ባልነበረው ገንዘብና ብረት ቀደሙት። በ1964 ፊል ሪድ በያማሃ የ250 ሲሲ ሻምፒዮን ሲሆን፣ ከሥሩ የነበረው ሞተር የሚዞር ዝርግ ያለው፣ ሆድ ያለው ማውጫ የተገጠመለት ባለሁለት ምት ነበር።

ኤምዜድ በገንዘብ እጦት ከጎዳና ውድድር እየራቀ ቢሄድም በሌላ መስክ ስሙን አስጠራ። በጭቃና በድንጋያማ መንገድ ለስድስት ቀን በሚካሄደው ዓለም አቀፍ ፈተና ምሥራቅ ጀርመን ከ1963 እስከ 1967 ተከታትላ፣ ከዚያም በ1969 አሸናፊ የሆነችው በቾፓው ብስክሌቶች ነው። በዚህ ዓይነት ውድድር የሚፈለገው ከፍተኛው ፍጥነት ሳይሆን ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ የሚገኝ፣ የማያቋርጥ ጉልበት ነው። ቱቦውን ረዘም፣ ሾጣጣውን ለዘብ አድርጎ መቃኘት ማለት ነው፤ ያው እውቀት፣ ሌላ ቅኝት።

በ1975 ጃኮሞ አጎስቲኒ በያማሃ ባለሁለት ምት የ500 ሲሲውን ዋንጫ ሲያነሣ የባለአራት ምት ዘመን በትልቁ ውድድር ላይ አበቃ። ከዚያ እስከ 2001 ድረስ የ500 ሲሲ ሻምፒዮን የሆነ ሁሉ ባለሁለት ምት የነዳ ነው። እነዚህ ሞተሮች በኋላ ከመንገድ የጠፉት በፍጥነት ተሸንፈው አይደለም። ዘይት እያቃጠሉ የሚያወጡት ጭስና ሳይቃጠል የሚያመልጠው ቤንዚን አየር ስለሚበክል ሕግ ገታቸው። ማሚቶው በትክክል የሚረዳው በጠባብ የዙር ክልል ብቻ መሆኑ፣ ካደን ከጅምሩ የሚያውቀው ድክመት፣ በመጨረሻም አልተፈታም።

ካደን የበርሊን ግንብ ሲፈርስና አገሩ ስትዋሐድ በሕይወት ነበር። ለሠላሳ ዓመት ያህል በስም ብቻ የሚያውቁት የምዕራብ አገር ሰዎች ማንነቱን በስፋት ያወቁት በዚያ ወቅት ነው። የቾፓው ፋብሪካ ግን በገበያው ውድድር ፊት መቆም አቅቶት እየተንገዳገደ ነበር። በከተማዋ ኮረብታ ላይ ባለው የቪልደክ ቤተ መንግሥት ዛሬ የሞተር ብስክሌት ሙዚየም ይገኛል፤ የዚያ ሸለቆ ሥራ ከዲኬደብሊው ጀምሮ በዚያ ይታያል።

ዋልተር ካደን በመጋቢት 1996 በ76 ዓመቱ ዐረፈ። በዚያ ዓመት በዓለም ሻምፒዮና በ125፣ በ250ና በ500 ሲሲ አሸናፊ የሆኑት ሦስቱም ነጂዎች የነዱት ባለሁለት ምት ሞተር ነበር፤ ሦስቱም ብስክሌቶች ከሥራቸው መሀሉ ሰፍቶ ጫፉ የሚጠብ የላሜራ ቱቦ ነበራቸው።